ጠዋት የማትነሳ ማኪና

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ጠ. 12፡50

እምቢ አለች። ዛሬም። ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሞተሩ ዝም። ባትሪው እንዳይዝል ተውኳት። ኮፈኑ ላይ ጤዛ አለ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

አማቼ አያ ተገኘ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ሳምንት አልሞላውም፣ እስኪድን እኔ ጋ ናቸው። ገባን። ሻይ፣ ዳቦ።

ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ጎንደር ሆስፒታል። ላብራቶሪው እንደ ሁልጊዜው ነው። ደም፣ ስላይድ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ውጤት። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

ማስታወሻዬ፣ አንተን የጀመርኩህ ስለ ማኪና ልጽፍብህ አልነበረም። ሌላ የምጽፈው ስለጠፋ ነው።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ማታ

ጠዋት እምቢ። ወደ ሥራ በባጃጅ።

ሙሉጌታ ከአዲስ አበባ ደወለ፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ማኪናዋን ሽጪያት ይላል። ማክሰኝት ያለ አንድ የእህል ነጋዴ የድሮ ማኪና ይወዳል፣ አናግሬዋለሁ፣ መጥቶ ይይልሽ ይላል። ልክ ነው። ለክፋት አይደለም። እሺ አልኩት። ነጋዴው ሲመጣ ግን መነሳት አለባት፣ የማትነሳ ማን ይገዛል።

ለሙሉጌታ ያልነገርኩትን ላንተ ልጻፈው። አንዴ ብቻ።

ያለፈው ሐምሌ፣ ጠዋት፣ ዝናብ። ባለቤቴ ዳኛቸው ሸሚዙን እየቆለፈ ደረቴን አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ላቡን ሳይ ገባኝ። ሆ/ል ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ እንዴት አይገባኝ። ደግፌ ወሰድኩት፣ ከኋላ አስተኛሁት፣ ቁልፉን አዞርኩ። አልተነሳችም። ደገምኩ። ደገምኩ። ባትሪው እስኪሞት ደገምኩ። ግቢው ጭቃ፣ የሚገፋ ሰው የለ። ሮጬ ወጣሁ፣ ባጃጅ አገኘሁ። ከነጂው ጋር ለሁለት ተሸክመን ከማኪናዋ ወደ ባጃጁ አዛወርነው። ሆ/ል በር ስንደርስ የለም።

ይኸው ነው።

ልብ ነው ተባለ። ልብ ነው። ወረቀቱን አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ያን ጠዋት ለምን አልተነሳችም? ሐዘን አይደለም ይሄ። ሐዘኑ የት እንደገባ አላውቅም። ዝም ብሎ ጥያቄ ነው። ሳትሸጥ መልሱን እፈልጋለሁ።


ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ ለጠዋትም ሰጡኝ። ጎረቤቶች ገፉልኝ። ቤቴ ካለበት ከቁስቋም ቁልቁል ማኪና መግፋት ቀላል ነው፣ ማቆሙ ነው ሥራው። በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ነጠረች፣ አስነጠሳት፣ ነጠረች፣ ታችኛው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ተነሳች።

አውቶ ፓርኮ ሰፈር አጠገብ ሰይፉ የሚባል መካኒክ አለ። ዳኛቸውም እሱ ጋ ነበር የሚያሳያት። ነፍስ ይማር አለኝ፣ ሲስተር ይለኛል፣ ሲስተር አይደለሁም ብዬው አላውቅም። ኮፈኑን ከፈተ። አስነሳት፣ ተነሳች። አጠፋት፣ አስነሳት፣ ተነሳች። አሥር ጊዜ ቢያደርገው አሥር ጊዜ ትነሳለች። ካንዴላዎቹን ቀየረ። ፊልትሮውን ቀየረ። ባትሪውን ለካ። አሁን ደህና ናት አለኝ።

ነድቼ ተመለስኩ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት። እስከዛሬ በእሱ ቁመት ልክ ነበር።


ኅዳር 12፣ ዓርብ። ጠ. 1፡00

አልተነሳችም።

አያ ተገኘ ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ወጥተው ነበር። ቆመው ሰሙ። «ምነው ልጄ፣ ማታ ሸጋ አልነበረችም?» አሉኝ። ነበረች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ለሰይፉ ደወልኩ። እንግዲያ አንድ መላ አለ ይላል። ይቺ ማኪና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡራቶር የላትም፣ ቤንዚኑን በየሲሊንደሩ የምትረጨው በኖዝል ነው፣ የዛሬ አርባ ዓመት የተሠራ ውስብስብ ነገር ነው፣ ዕቃውም አይገኝም። ሁሉንም ነቅዬ ካርቡራቶር ልግጠምልሽ፣ ብዙ ሰው እንዲያ አድርጎ ተገላግሏል ይላል። ሐቁን ነው፣ አይቻለሁ። ላስብበት አልኩት።

ነቅሎ ከጣለው ደግሞ ምክንያቱ አብሮ ይጣላል።


ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጾም ትናንት ገባ። ሽሮ፣ ጎመን። አያ ተገኘ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ሐኪሙ ለዓይንዎ መድኃኒት ሲሉ ይብሉ ቢላቸው መድኃኒቱ ጠብታ ነው፣ አይበላም አሉት።

አራት ቀን ሙሉ ማኪናዋን ስሞክር ሰነበትኩ። በሥራዬ እንደለመድኩት፣ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ። ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ፦ አትነሳም። ቀትር ላይ ፀሐይ መትቷት፦ ትነሳለች። ማታ በብርድ ልብስ ሸፍኛት አደረች፤ ጠዋት አንዴ ሳል አድርጋ ሞተች። ሳልሸፍናት አደረች፤ ሳልም የለ። ዛሬ ሞቅ ያለ ውሃ በጨርቅ እያደረግኩ ሞተሩን አሞቅኩት። ተነሳች።

ብርድ ነው። ብርዱን ነው የማትችለው። ሰይፉ ጋ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ሞቃ ነው፤ ተገፍታ፣ ተነድታ። በሽታው የሌለበትን ሰዓት ነው እያየ ያለው። ለወባ የሚመረመር ሰው ደሙን ትኩሳቱ ሲነሳ ይስጥ ይባል እንደነበረው፣ አንተም በጠዋት ቤት መጥተህ እያት አልኩት በስልክ። ሳቀ። ጋራዡን የሚከፍተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቁስቋም ድረስ፣ በዚያ ብርድ፣ በጠዋት? አለ። ኋላ ግን ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። ለዳኛቸው ብዬ ነው አለ።

ሙሉጌታ ደወለ። ነጋዴው ይቸኩላል። ትንሽ ቆይ አልኩት።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

በርጋታ ልጻፍ።

ሰይፉ ፀሐይ ሳትወጣ መጣ። አፉ ይጨሳል። ማኪናዋን ማንም እንዳይነካት ብሎኝ ነበር፣ አልነካኋትም። መጀመሪያ አንድ ካንዴላ ፈትቶ ቁልፉን አዙሪ አለኝ፦ እሳቱ ደህና። የቤንዚኑን ፖምፓ አዳመጠ፦ ይሠራል። የቤንዚኑን ቧንቧ ላላ አደረገ፦ በግፊት ይመጣል። እሳት አለ፣ ቤንዚን አለ። ታዲያ?

ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ አራቱ ኖዝሎች ለአራቱ ሲሊንደሮች ናቸው አለኝ፣ አምስተኛ ግን አለች፣ ያቺውልሽ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ፣ ቁልፉ ሲዞር ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ ተጨማሪ ቤንዚን ትረጫለች። ሞቅ ካለ ሥራ የላትም። በጋራዥ ዕድሜዬ ስትረጭ አይቻት አላውቅም አለ። ሰዎች ማኪናቸውን ገፍተው ያመጡለታል፣ ሞተሩ ሞቆ ይደርሳል፣ እሱም አይነካትም።

ፈታት። ባዶ የጃም ጠርሙስ አመጣሁለት። አፏን ጠርሙሱ ውስጥ ከተተ፣ እሳት እንዳይነሳ የካንዴላዎቹን ዋና ሽቦ ነቀለ። አዙሪ። አዞርኩ። ጠርሙሱ ደረቅ።

እሷ ሞታለች ወይስ የሚያዛት ሞቷል? እኔ ነኝ የጠየቅኩት። እንለየዋ አለ። ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ሰጣት። ፊሽ። ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ጉም ያለ ነገር ሞላ። ደህና ናት። የሚያዛት ነው።

የሚያዛት ደግሞ የአውራ ጣት የምታህል የነሐስ ዕቃ ናት። በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ውስጥ ተጠምዛ ትቀመጣለች። ውሃው ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪኩን መስመር ታገናኛለች፣ አምስተኛዋ ትረጫለች። ሲሞቅ ታቋርጠዋለች፣ መርጨቱ ይቆማል። ሰይፉ በቴስተር ለካት፣ እኔም መርፌውን አየሁ። አይነቃነቅም። ውስጧ ተቃጥሏል። ብርድም ቢሆን ሙቀትም ቢሆን ለእሷ አንድ ነው።

ሁሉን መልሶ ገጠመና ከእሷ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። የጣቴን ያህል ሽቦ። አዙሪ አለኝ።

ገና ከመንካቴ ተነሳች።

አያ ተገኘ አማተቡ። ሰይፉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይስቃል። ጎረቤት በአጥር አየን። እኔ መሪውን ይዤ ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ሻይ ልፍላልህ አልኩት።


ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቆምኩ። መጣሁ።

የጣት ያህል ሽቦ።


ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተሯን ጠየቅኳት። ያን ጠዋት ተረኛ የነበረችው ናት። በክፍሏ ብቻዋን ነበረች፣ ቅንጬ ትበላለች። ማኪናዋ ወዲያው ብትነሳ ኖሮ ዳኛቸው ይተርፍ ነበር ወይ አልኳት። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። አይተርፍም ነበር እንድትለኝ ነበር የጠበቅኩት፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለኝ። እሷ ግን «አላውቅም» አለች። በልቡ ሰፊ ቦታ ነው የተዘጋው፣ እዚህ ደርሶም ቢሆን ያለን ነገር ትንሽ ነው፣ ምናልባት አይተርፍም ነበር። ምናልባት ግን ምናልባት ነው። ልዋሽሽ አልችልም፣ አንቺ የሙያው ሰው ነሽ አለች።

አመሰገንኳት። ከልቤ ነው ያመሰገንኳት።

ከሰዓት ብዙ ስላይድ ነበር። ሁሉንም ጨረስኩ።


ኅዳር 24፣ ረቡዕ። ማታ 1፡30

ለአያ ተገኘ ልነግራቸው ወሰንኩ። ልጃቸው ነው። ካላወቁ በቤቴ ማስቀመጤ ማታለል መሰለኝ።

ጠብታቸውን ካደረግኩላቸው በኋላ ነገርኳቸው። ማኪናዋ ያን ዕለት እምቢ እንዳለች፣ ባጃጅ እስኪመጣ እንደቆየን፣ አሁን ምክንያቱን እንዳገኘሁት፣ ዶክተሯ ያለችኝን። ሁሉን። ድምፄ የውጤት ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ነው።

ራሳቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ጠብታው እንዳይፈስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ከማን?

«ባጃጅ ነጂው ለቅሶ መጥቶ ነበር፣ ደግ ልጅ ነው። እሱ ነገረኝ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አሉኝ፣ አባቴ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ።»

ከዚያ ስለ ባለቤታቸው አወሩ። ዳኛቸው ገና ድክ ድክ ሲል ነው የሞተችው፣ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር። በወሊድ ታማ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጎንደር ሲወርዱ መንገድ ላይ አለፈች። «ማታውኑ ብንነሳ ኖሮ እያልሁ ኖርሁ» አሉ። «ዝናብ ነበር፣ ይንጋ አልሁ። እኔ ነኝ ይንጋ ያልሁ። ስንት ክረምት እንዲያ አልሁ መሰለሽ። ኋላ ታላቅ ወንድሜ ጠራኝና፣ ተገኘ፣ አንተ ነህ የገደልሃት? አለኝ። አይደለሁም አልሁት። አፍህ እንዲያ ካለ ሆድህም ይልመደው አለኝ።»

«ለመደው?»

ጠብታው በጉንጫቸው ወረደ፣ በመዳፋቸው ጠረጉት። «አልለመደውም» አሉ። «ግን እርሻውም አለ፣ ልጆቹም አሉ። እያነሰ ሄደ። ጨርሶ አልሄደም። አነሰ።»

መብራት አጠፋሁላቸው። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም፤ እንዳይረሳኝ ይሆናል።


ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

የነሐሷ ዕቃ ጎንደር የለችም፣ ባሕር ዳርም የለችም። ሰይፉ አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የሚያራግፉ ሰዎችን ጠይቋል። ሽቦውን እንደተገናኘ መተው አይቻልም፣ ሞተሩ ሞቆም አምስተኛዋ ትረጫለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች። ስለዚህ ከመሪው ሥር እንደ በር ደወል ያለች ቁልፍ ገጠመልኝ። ጠዋት ማኪናዋን እያስነሳሁ በጣቴ እጫናታለሁ። አንድ ትንፋሽ እስክስብ ብቻ፣ ከዚያ እለቃለሁ። ሰይፉ የካርቡራቶሩን ነገር ድጋሚ አላነሳም። ይቺን ማኪና እንዲህ አስነስቼ ነቅዬ ብጥላት ያሳፍረኛል አለ።

ትናንት ብቻዬን ሞከርኩ። አብዝቼ ተጫንኩ። ሞተሩ በቤንዚን ታፈነ፣ ግቢው ሸተተ። ሰይፉ በስልክ፦ ቁልፏን ተያት፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ርገጪ፣ አስነሺ። ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች። ጭሱ የተሰጣ የጎረቤት ልብስ ላይ ነው የሄደው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ልብሱንም አጠብኩላት።

ዛሬ በልኩ። ተነሳች።


ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

አያ ተገኘን ለቁጥጥር ወሰድኳቸው። ዓይናቸው ድኗል። ግራው ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ይሠራል ተባሉ። እስከዚያ አገሬ ልግባ ይላሉ። ገብሱ ታጭዶ ቆሟል፣ ሳይወቃ። ቤታቸው ከአምባ ጊዮርጊስ እልፍ ብሎ ነው። በአውቶቡስ እሄዳለሁ አሉ። እኔ እወስድዎታለሁ አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

እዚያ ነው የተቀበረው። ከቀብሩ ወዲህ አልሄድኩም። ያን ዕለት አላለቀስኩም ነበር። ሙሾ ወረደ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ደረቅ ናት ሲባል ሰማሁ። የዳኛቸው እህት ጥሩዬም በዚያ ነበረች፤ ከአባቷ ጋር በአንድ ግቢ ነው የምትኖረው። አየችኝና ፊቷን አዞረች። አልፈርድባትም። እኔም ራሴን ከውጭ አይቼ ገርሞኝ ነበር።

መንገድ ተዘግቷል አሉ። ሲከፈት እንሄዳለን። ቤንዚን ለመቅዳት ሰልፍ ያዝኩ፣ ግማሽ ቀን።


ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ። አምባ ጊዮርጊስ። ማታ

መንገዱ ተከፈተ። ወጣን።

ከወለቃ መንደር በኋላ ዳገቱ። ማኪናዋ አላቃሰተችም። አያ ተገኘ ከጎኔ ተቀምጠው በአዲሱ ዓይናቸው አገሩን ይቆጥራሉ። ያ የእገሌ ክምር ነው፣ ያ የእገሌ ማሳ ነው፣ ዘንድሮ ባቄላው ሸጋ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ቆይተው አዩኝ። «ከስተሻል» አሉኝ። «እስካሁን በደበዘዘ ዓይን ነበር የማይሽ።» መንገዱን አየሁ።

ግቢው ስንደርስ ጥሩዬ ወጣች። አባቷን ሳመች፣ ዓይናቸውን ገልጣ አየች፣ እልልታዋን ዋጠችው፤ ቤቱ የሐዘን ነው። ከዚያ እኔን። ሳመችኝ፣ ጉንጬን ይዛ። ማኪናዋን አየቻት። የወንድሟ መሆኗን ታውቃለች። ኮፈኑን ዳሰሰችው፣ ይሞቃል።

ሽሮ አቀረበች፣ ባቄላ አቀረበች። ብዪ አለችኝ። በላሁ። በቀብሩ ዕለት በሰዉ ፊት ደረቅ ናት ያለችው እሷ ናት፣ እንደሰማሁትም ታውቃለች። ማታ መኝታዬን ከሷ አጠገብ አነጠፈች፣ አጎዛውን ለኔ፣ ለራሷ የከብት ቆዳ ጀንዴውን። መብራቱን ሳታጠፋ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦ «ያን ጊዜ ያልሁትን ተይልኝ» አለች። «ሰው እንባውን እንደየራሱ ነው የሚያመጣው። አባቴ በእናቴ ጊዜ አላለቀሰም አሉ።»

ትቼዋለሁ አልኳት። እውነት ይሁን አላውቅም፣ ግን አልኳት።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ። ጠ. 12፡30። ማኪናዋ ውስጥ

ሁሉም ሳይነሳ ወጣሁ። ውርጭ። ሜዳው ነጭ፣ የገብስ ክምሩ ነጭ፣ መስታወቱ በረዶ ይዟል። ጎንደር እንዲህ አይበርድም። እዚህ ከተነሳች የትም ትነሳለች ብዬ ነው የወጣሁት። ሰይፉ ይጠይቀኛል።

የበሩን እጀታ ስይዝ ውርጩ ጣቴን አቃጠለኝ። ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ፣ በግራ እጄ የሰይፉን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ትንፋሽ ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ተነሳች። አላስነጠሳትም፣ አልደገምኩም። ተነሳች ብቻ። ውሾች ጮኹ።

ከዚያ በረደኝ።

እንዴት እንደምጽፈው እንጃ። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ አልቆመም። መላ ሰውነቴ ይንዘፈዘፋል። መጀመሪያ ብርዱ ብቻ መሰለኝ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፣ ከኔ ነው የሚወጣው። ዳኛቸው አልኩ። ስሙን ጮክ ብዬ ከጠራሁት ቆይቷል። ሞተሩ ይሸፍነኛል ብዬ ጠራሁት። ደግሜ። አሁን ፊቴ ረጥቧል፣ ይህ ገጽም። ጽሕፈቴ ይበላሻል፣ ታገሠኝ።

ያማል። ጣቴ ያማል፣ ደረቴ ያማል። ሕመሙ ይነሣልኝ አልልም።

አሁን ማኪናዋን ሞቅ ብሏታል፣ ድምፅዋ ረግቷል። የወሰንኩትን ሳልረሳ፦

ለሙሉጌታ ዛሬ እደውላለሁ። አትሸጥም። ነጋዴውን ይቅርታ በልልኝ እለዋለሁ። ከጥምቀት በኋላ የአያ ተገኘ ግራ ዓይን አለ። ማን ሊያመጣቸው ነው? እኔ ነኝ።

ዛሬ ደግሞ ወደ ጎንደር ከመውረዴ በፊት መቃብሩ ጋ እሄዳለሁ። ቅዳሴው ሳይወጣ። ብቻዬን ልሄድ አስቤ ነበር፣ ግን የት ጋ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ያን ዕለት ሰው ከቦኝ ነበር፣ ምድሩን አላየሁትም። የሚያሳየኝ እፈልጋለሁ።

አያ ተገኘ በትራቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ለቅዳሴ ለብሰዋል። ጥሩዬም ከኋላቸው፣ ነጠላዋን እያጣፋች። የሰሙኝ ይመስለኛል። ፊቴን ልጥረግ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ጥሩዬ በጣቷ መስታወቱን ትመታለች። በሩ በውርጭ ተይዞባታል፣ ከውስጥ ልክፈትላቸው። ገብተው ይሙቁ፣ ከዚያ መቃብሩን ያሳዩኛል።